ዳለቻው ቤት

ዘንድሮ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ነው ሱቄ የሚመጣው። ቆቦ ላይ ቀለም መሸጥ ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ደንበኛው «የሚያበራውን አረንጓዴ ስጪኝ» ነበር የሚለኝ። አሁን ሙሽራዋም፣ ከአረብ አገር የተመለሰው ጎረምሳም ስልኩን ከፍቶ ያንኑ አንድ ሳሎን ያሳየኛል፤ ግድግዳው ክሬም፣ ሶፋው ግራጫ፣ መጋረጃው የጭድ መልክ ያለው። «እንዲህ ያለ ቤዥ አለሽ?» ይላል። «ቡላ ማለትህ ነው?» እለዋለሁ። ይስቅብኛል። ቡላ የበሬ መልክ እንጂ የሳሎን መልክ አይመስለውም።

ይሳቅ። እኔ ቡላውንም፣ ዳለቻውንም፣ የአመድና የጭድ መልኩንም ግድግዳ ላይ ያየሁት ገና የፊት ጥርሴ ወልቆ ሳይተካ ነው። እናቴ ናት የቀባችው። ፋሽን ይሁን ሌላ ማን ነግሮኝ፤ እኔ አባቴ ሞቶ የደበቁኝ ነበር የመሰለኝ።

አባቴ ነጅሙዲን የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ከዋጃ እስከ ጎብዬ ገበያ ለገበያ ይዞራል፤ ካመጣው ጨርቅ መሀል ለዓይኑ ያማረውን ሳይሸጥ ለቤታችን ያስቀራል። የጭቃ ቤት ይሁን እንጂ በሰፈሩ እንደኛ ቤት ያጌጠ አልነበረም። ግድግዳው የሚጮህ አረንጓዴ፣ የመደቡ ፊት ሮዝ፣ ኮርኒሱ ባለአበባ ጨርቅ። አንዱ ግድግዳ ላይ ጭራዋን የዘረጋች ፒኮክ ያለችበት ምንጣፍ ተሰቅሏል፤ ስንሰግድ በምንዞርበት በቂብላው በኩል ደግሞ ካዕባ ያለበት። በመሀል ባዶ ቦታ ከተገኘ የፕላስቲክ አበባ ይሰካበታል። እናቴ ራህመት «ኸረ ነጅሙ፣ ለእኛም መቀመጫ አስቀርልን» ስትለው «ገና ኮርኒሱ ላይ ቦታ አለ» ይላታል።

በኋላ አባ አዲስ ጨዋታ አመጣ። እኔ ፊቱ ቆሜ እያለሁ «ጀዊሪያ የት ሄደች?» ይልና እጁን ይዘረጋል። እጁ በጆሮዬ አጠገብ ያልፋል። ቀሚሴና መጋረጃው ከአንድ ጣቃ የተቀደዱ ስለነበሩ መጋረጃው ውስጥ የተደበቅሁ ያህል ነበር የሚሰማኝ። አፌን በእጄ ይዤ እስቃለሁ፤ ሳቄን ሲሰማ ዘሎ ይይዘኛል። ሻይ ሲቀዳም ከብርጭቆው ጎን ያፈሰዋል። እማ ስትደነግጥ «ምድርም ትጠጣ እንጂ» ይላል፣ እኔም ከሳቄ ብዛት መደቡ ላይ እንከባለላለሁ። አንድ ቀን ዶሮ ረገጠና ዶሮዋን ተሳደባት። እንደ አባቴ ያለ ተጫዋች ሰው በዓለም ላይ የለም ብዬ አምን ነበር።

ጨዋታ አልነበረም። የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ብርሃኑን ከዳር ከዳር እየበላበት ነበር። እሱ ግን ለማንም ትንፍሽ ሳይል ጨርቁን በጣቱ እየዳበሰ ይሸጥ ነበር። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አንድ ጠዋት ከታላቅ እህቱ ከአክስቴ አሲያ ጋር የደሴን አውቶቡስ ሊይዝ ተነሳ። «ዕቃ ላመጣ ነው፤ ምን ይዤልሽ ልምጣ?» አለኝ። «ቀይ፣ ወርቅ ወርቅ ያለበት» አልኩት። ራሴን ሊዳብስ እጁን ሰደደ። ትከሻዬን ነካው፤ እሱም ቢሆን በቃው።

በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን ሀስና ባሏ ሞቶባት ዒዳ ላይ ነበረች። እማ ምግብ ስትልክላት ወሳጇ እኔ ነኝ። ሀስና በፊት ኩሏ፣ ሂናዋ፣ የጆሮ ወርቋ፣ ቀይ ሻሿ ከሩቅ የሚታይ ሴት ነበረች። አሁን ሁሉንም አውልቃ ጥግ ይዛ ስትቀመጥ ሌላ ሰው መሰለችኝ።

«ወርቋን ሰረቋት እንዴ?» ብዬ እማን ጠየቅኋት።

«አይ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋን እስክትጨርስ አታጌጥም።»

«ኩልም?»

«ኩልም።»

«ቀይም አትለብስም?»

«ምንም የሚያምር ነገር አትለብስም። በይ ሳህኑን መልሺ።»

ሌላም የማውቀው ነገር ነበር። ሰው ሲሞት ለሐዘንተኛው ወዲያው እንደማይነገር አውቃለሁ። የወዲያኛዋ ጎረቤታችን የደመቀች ወንድም የሞተ ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶ እየተንሾካሾከ እሷ ብቻ በርበሬ እየቀነጠሰች ስትስቅ አይቻለሁ። ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሰዎቹ ተሰብስበው መጡና መርዶውን ነገሯት። ስለዚህ ሹክሹክታ ከሰማሁ፣ ከአንዱ ሰው የተደበቀ ነገር እንዳለ ገባኝ ማለት ነው።

አክስቴ አሲያ ከደሴ ለብቻዋ ተመለሰች።

«አባስ?» አልኳት።

«ይመጣል ኢንሻአላህ» አለችና ከረሜላ ሰጠችኝ። አክስቴ ከረሜላ የምትሰጥ ሰው አልነበረችም። ከረሜላው አስፈራኝ፤ ሳልልጠው እጄ ውስጥ ቀለጠ።

ሁለቱ ወደ ጓሮ ዞሩ። ከበለሱ ጥግ ቆመው ሲያወሩ በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው። እማ የሻሿን ጫፍ ነክሳለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጅቷ ለጊዜው አትስማ።» ሌላ ምን ያስፈልገኛል? አባ ሞቷል፤ ሁሉም አውቋል፤ ያልተነገረኝ እኔ ነኝ።

አክስቴ አሲያ ያን ቀን ለእማ የነገረቻትን ከብዙ ዓመት በኋላ ራሷ አወራችኝ። ሐኪሞቹ የሄደው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታ እናቆይለታለን ብለዋል። ችግሩ አባቴ ነበር። «እየተመራሁ ቤቴ አልገባም» ብሎ አልጋው ላይ ተቀምጧል። «ሚስቴ እጄን ይዛ ወደ ቂብላ የምታዞረኝ ከሆነ እዚሁ ደሴ ልቅር፤ ልጄም እንዲህ አትየኝ» ብሏል። አክስቴ ግን አንድ ነገር ልብ ብላ ነበር። የሆስፒታሉ ግድግዳ ነጣ ያለ፣ በሩ ጠቆር ያለ ስለነበር አባቴ በሩን ማንም ሳይመራው ያገኘዋል። ያረፉበት የዘመድ ቤት ግን ግድግዳው በአበባ የተሞላ ነበርና ከወንበሩም ከሰዉም ይጋጫል። እናቴ ይህን ስትሰማ እንባዋን ጠረገችና የራሷን ቤት ከበሩ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው አሉ።

እኔ የማውቀው በማግስቱ ፒኮኳ መውረዷን ነው። ከዚያ የፕላስቲክ አበባው። ከዚያ መጋረጃው፤ ከዚያ የኮርኒሱ ጨርቅ። እማ ሁሉንም እያጣጠፈች ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ሀስና ያወለቀችውን ሁሉ ቤታችን ያወልቅ ጀመር።

ደመቀች ጭቃ ልታግዝ መጣች። የሰፈራችን ሴቶች ግድግዳ ሲለስኑ እንዲህ ነው፤ አንዷ ስትጀምር ሌላዋ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ትደርሳለች። ከጎሊና ወንዝ ዳር በአህያ ነጭ አፈር መጥቷል፤ አመድ ተነፍቷል፤ ጭድና እበት ጉድጓድ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሰንብቶ ሽታው ሰፈሩን ይዞታል። ደመቀች አረንጓዴውን በማጭድ ስትፍቅ አዘነች።

«አሁን ይሄ ይፋቃል ራህመት? እኔ ብሆን እንኳን ልፍቀው፣ ላቅፈው ነው።»

«ፋቂው።»

«ቤቱን እኮ አመድ አስመሰልሽው። ነጅሙ ሲመጣ ቤቱ ጠፍቶበት አልፎ ይሄዳል» ብላ ሳቀች።

እማ አልሳቀችም። እጇን ጭቃው ውስጥ እንደነከረች ቆየች። ደመቀችም እንዳልተነገራት ገባኝና አሳዘነችኝ፤ የእሷን ነገር ወንድሟ በሞተ ጊዜ አይቼው አልነበር?

ግድግዳው እርጥብ እያለ ቡላ ነበር፤ ሲደርቅ ዳለቻ ሆነ፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስትገባ ደግሞ የጭድ መልክ ያመጣል። ዛሬ ይህን መልክ ለማግኘት ሦስት ቆርቆሮ ቀለም ስቀላቅል እውላለሁ፣ ያም ሆኖ አይመጣልኝም። ያኔ ግን አስጠላኝ። ከአባ ጨርቅ የቀረው በቂብላው በኩል ያለው ካዕባ ብቻ ነው፤ ጥቁሩ ካዕባ በባዶው ግድግዳ ላይ ብቻውን ጎልቶ ቀረ። መጋረጃውም ቀለም ባልነካው አቡጀዲ ተተካ። ከዚያ እማ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት አስመጥታ የበሩን መቃንና የመደቡን ጠርዝ ጥቁር አድርጋ ቀባች። ሽታው ለሳምንታት አልለቀቀንም።

አንድ ከሰዓት ከጨዋታ ስመለስ አክስቴ አሲያ ሻሽ ደራርባ ዓይኗን ሸፍና በራችን ላይ ቆማ አገኘኋት። እንዲህ ተሸፋፍኖ የሚያለቅስ ሰው አይቻለሁ፤ ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ግን አላለቀሰችም። በሻሹ ውስጥ እያየች ቀስ ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

«መደቡ ይታየኛል። ካዕባውም ይታየኛል። በርጩማው ጠፋኝ።»

እማ በርጩማውን አነሳችና የተቃጠለ ዘይት ቀባችው። ከዚያ ሣጥኗን ከፍታ ጥቁር ቀሚስ አወጣች፤ ለብሳው ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች።

«እታያለሁ?» አለች።

አክስቴ ከበሩ ላይ ሆና በሻሹ ውስጥ አተኩራ አየቻት። «ትታያለሽ» አለቻት ኋላ፣ ድምጿ ተሰብሮ። «አብሽሪ የኔ ዓለም፣ ትታያለሽ።»

የሐዘን ልብስ እየለካች ነው አልኩ በልቤ። ከዚያ በላይ መቆየት አልቻልኩም። ማንም ሳይነግረኝ የራሴን ዒዳ ጀመርኩ። ጨሌዬን በጥሼ ከበለሱ ሥር ቀበርኩት። የእጄን ሂና በአሸዋ ፈተግሁት፤ ሂናው አልለቅ ብሎ ቆዳዬ ተላጠ። እማ እጄን አይታ ደነገጠች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«አላጌጥም» አልኳት።

ነገሩ አልገባትም። ቅቤ ቀባችኝና እጄን በጨርቅ ጠቀለለችው። ጎህ ሲቀድ ሁልጊዜ እነቃለሁ፤ መርዶ ነጋሪዎቹ ሲመጡ ተኝቼ እንዳያገኙኝ ብዬ በሩን እያየሁ ቁጭ እላለሁ። ዶሮ ይጮሃል፣ አዛን ይላል፣ ማንም አይመጣም። አንዳንዴ ይምጡና ይገላግሉኝ እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ መምጣታቸውን ስለምፈራ ጆሮዬን እይዛለሁ።

አክስቴ ተመልሳ ደሴ ሄደች። ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ ጋሪ ደጃችን ቆመ። መጀመሪያ አክስቴ ወረደች። ቀጥሎ አባ ወረደ።

ሮጬ ልጠመጠምበት ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን ከአጥሩ ሥር ተሸጉጬ አየሁት። የሞተ ሰው ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ከስቶ፣ ጢሙን አሳድጎ አቧራውን ከቀሚሱ ላይ ያራግፋል። ደመቀች ከደጇ «እሰይ፣ ነጅሙ መጣህ» እያለች እጁን ልትጨብጥ ስትመጣ አክስቴ በዓይኗ ከለከለቻት። «ማንም እጁን እንዳይዝ» አለች ቀስ ብላ።

አባ በራችን ፊት ቆመ። ፊቱን ወዲያና ወዲህ አዞረ፤ ከዚያ ጥቁሩን የበር መቃን ለይቶ በመሀሉ ገባ፤ አልተጋጨም። እኔም ከኋላው ሾልኬ ገባሁ። ውስጥ ሲደርስ እንደገና ቆመ። ወደ ቂብላው ዞረ።

«ካዕባው ከቦታው አለ» አለ። «አልሀምዱሊላህ።»

እማ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ግድግዳውን ተጠግታ ቆማለች። ቃል አልተናገረችም። አባ እግሩን ቀስ እያደረገ ሄደና ፊቷ ቆመ።

«ራህመት» አላት።

ያን ጊዜ እናቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ምድር ላይ ቁጭ አለች። ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው? አባ እንደሁ መጥቷል። ተናደድኩ።

«ታዲያ ማነው የሞተው?» ብዬ ጠየቅሁ።

አባ ጀመረ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ አክስቴም፣ ደመቀችም፣ እማም ከነእንባዋ ሳቁ። አባ ድምፄን ተከትሎ ዞሮ አቀፈኝ። ከጋሪው ላይ ከወረደው ጥቅል ውስጥ ቀይ ጨርቅ መዘዘ፤ ወርቅ ወርቅ አለበት። አልረሳም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀዩን ለብሼ በዳለቻው ግድግዳ ፊት ብቅ ስል ገና ሳልስቅ ይይዘኛል። ድብብቆሹ ቀረ። አርጅቶ ጨዋታ የሰለቸው መስሎኝ አዘንኩ።

ያን ቀን ከምሳ በኋላ አባ መደቡ ላይ ጋደም ብሎ ኮርኒሱን እያየ «ያ ሁሉ ቀለም የት ሄደ?» አለ።

«ሰለቸኝ» አለችው እማ።

«ሰለቸሽ።»

«አዎ፣ ቀለም ሰለቸኝ።»

ሌላ አልጠየቃትም። የዙሁር ሶላት ሲደርስ ተነስቶ ውዱእ አደረገና ራሱ ወደ ቂብላው ዞሮ ሰገደ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ጨርቅ ሸጠ። ገበያ መዞሩን ትቶ ቆቦ ላይ ሱቅ ከፈተ፤ ሐሩን ከጥጡ፣ ቀዩን ከሰማያዊው እንዴት እንደሚለየው ደንበኛው እስኪገረም። ቤታችንን ያየ ሰው «አንተ ይህን ሁሉ ቀለም እየሸጥክ ቤትህ ምነው?» ሲለው «እኔ ቀለም እሸጣለሁ፣ ሚስቴ አመድ ትወዳለች» ይላል። እናቴ በየዓመቱ ግድግዳውን ታድሳለች፣ ጠርዙን ታጠቁራለች። ሰው ቤቱን በአዲስ አረንጓዴና በሮዝ ሲያሳምር የኛ ያው ዳለቻ ነው። ጓደኞቼን ቤት ማምጣት አፍር ነበር።

ከቤቱ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ግን ጥቁር ቀሚሷ ነበር። በቆቦ ፀሐይ፣ ሰው በስስ ልብስ በሚያልብበት ከተማ፣ እናቴ ከጥቁር በስተቀር አትለብስም። አንዱ ሲያልቅ ሌላ ጥቁር ትገዛለች። ሀስና ዒዳዋን ጨርሳ፣ ሌላ አግብታ፣ ደማቅ ሻሿን መልሳ ስትጠመጥም እናቴ ያው ናት። ደመቀች ፊት ለፊት ነገረቻት፤ «ባልሽ በሕይወት እያለ ጥቁር አይበጅም፣ ታሟርቺበታለሽ።» እማም «ይስማማኛል» ብላ ዘጋችው። ካደግሁ በኋላ የግድግዳውን ምክንያት ከአክስቴ ሰማሁ፤ የቀሚሱን ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ግትርነት ነው ብዬ ተውኩት።

አባ የሞተ ዕለት እኔ ወልድያ ዕቃ ላመጣ ሄጄ ነበር። ስመለስ ቤቱ በሰው ሞልቷል። ሴቶቹ በዳለቻው ግድግዳ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ብዙዎቹ ጥቁር ለብሰዋል። እናቴን ፈለግሁ። ከበሩ ላይ ቆሜ ጥቁር የለበሰችውን ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ፤ የለችም። ወደ ጓሮ ዞርኩ፤ የለችም። ተመልሼ ገብቼ «እማ የት ሄደች?» ስል ከጎኔ እጄን ያዘችኝ። ከካዕባው ሥር ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። የለበሰችው አመድማ ቀሚስ ነው፤ ሻሿም እንደዚያው። ዓይኔ ሁለት ጊዜ አልፏታል።

«ጥቁሩስ እማ?» አልኳት።

«ከእንግዲህ ለማን ልታይ ብዬ» አለችኝ።

አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለአባቴ ይሁን ለእሷ ለራሴም አልለየልኝም። ያን ሁሉ ሐሩር፣ ያን ሁሉ ሐሜት፣ የእኔንም ኩርፊያ በዚያ ጥቁር ቀሚስ ውስጥ ችላ የኖረችው አባቴ ከበሩ ሲገባ «ራህመት የት አለሽ?» ብሎ እንዳይጠይቅ ነበር። አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ አመድማ ለባሽ ሆና ቀረች። በየሳምንቱ እሄድላታለሁ። ባለፈው ረመዳን ለኢፍጣር ቁጭ ብለን ሾርባ ስትቀዳልኝ ከሳህኑ ጎን አፈሰሰችው። ማንኪያዬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

«ምድርም ትፈጥር እንጂ» አለች እየሳቀች፣ እጇ ግን ምንጣፉን ይዳብስ ነበር። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። የአባቴን ዓይን የበላው ያው በሽታ ነው፤ ጠብታ ሰጧት።

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ገበያ ወጣሁ፤ ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ሻሽ ገዛሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቤቷ ስደርስ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። ድምፅ ሳላሰማ ገባሁና ግድግዳውን ተጠግቼ ቆምኩ። እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ ሙስባሃዋን ትቆጥራለች። ቀና አለች። ጣቷ ሙስባሃው ላይ ቆመ።

«ጀዊሪያ» አለች።

«አቤት እማ።»

«በዚህ ሙቀት ጥቁር? ምን ነካሽ?»

«ቀለም ሰለቸኝ» አልኳት።



«አባትሽም አላመነኝም ነበር» አለችና አጠገቧ ያለውን ጥቁር በርጩማ ሳበችልኝ።